በኢንተርኔት የታዘዘ ዕቃም ይቀረጣል

«በኢንተርኔት የታዘዘ ዕቃ በዓለም ሕግ ከቀረጥ ነፃ ነው፤ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ የሚጠይቁን ያለአግባብ ነው» ብለህ ለደሴ ነጋዴዎች የጻፍከውን አነበብኩ። ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

የወሬው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ጄኔቫ ላይ የተስማሙበት ነገር ነው። ያሉት፣ በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚተላለፍ ነገር ላይ የጉምሩክ ቀረጥ አንጥልም ነው። በኢንተርኔት የሚወርድ ሶፍትዌር፣ ሙዚቃ፣ ፊልም ማለት ነው። ጫማውና የስፌት መኪናው ግን በስልክ ቢታዘዙም ድንበር የሚያልፉት በመኪና ወይም በባቡር ተጭነው ነው። ስለዚህ እንደማንኛውም ገቢ ዕቃ ይቀረጣሉ።

የእኛው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም እንዲህ ያለውን ዕቃ ከቀረጥ ነፃ አያደርግም።

ስምምነቱ ራሱ ሲያከራክር የኖረ ነው። በየጊዜው ነበር የሚራዘመው። ሕንድና ደቡብ አፍሪካ አጥብቀው ተቃውመውታል። ድሮ በሲዲ ገብቶ ይቀረጥ የነበረው ፊልም ዛሬ በኢንተርኔት ሲመጣ ለመንግሥት ምንም አያስገባም ነው የሚሉት። እንደኛ ላለ ከቀረጥ ብዙ ለሚጠብቅ አገር ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው። ብንከራከር በዚህ ላይ ነበር።

አሁን ግን ዕቃ ልታዝ ከሆነ እባክህ ቀረጡን አስቀድመህ አስላ፤ ዋጋህ ውስጥም አስገባው።