ቲኬቱ ላይ ያለው 07፡10 የቀን ሰባት ሰዓት አይደለም

ዴንቨር ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ፣ እዛ የምንሰራ ሐበሾች ብዙ ነን፣ አሮጊትና ሽማግሌ ከካውንተር እስከ ጌት እናደርሳለን፣ እና በነዚህ ዓመታት በረራ ያመለጠው ሰው አይቼ አልጨርስም፣ የሚያለቅስ አለ፣ የሚሳደብ አለ፣ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ ዝም የሚል አለ። ከሁሉም ግን እስካሁን ከውስጤ ያልወጣው የእናቴ ነው፣ እሱ ደሞ የሆነው ዴንቨር ሳይሆን ድሬዳዋ ነው።

እማዬ የምትኖረው ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ዓይኗን አዲስ አበባ ልትታከም ቀጠሮ ተይዞላት ነበር፣ ሐረር ደሞ መንገደኛ የሚጭን አውሮፕላን ስለማያርፍ የሐረር ሰው ሁሉ ድሬ ወርዶ ነው የሚበረው። ቲኬቷን እኔ ከዚህ በካርድ ገዛሁ፣ ስክሪንሾት አድርጌ ለታናሽ ወንድሜ በኢሞ ላኩለት፣ ስራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ተኛሁ። ቲኬቱ 07፡10 ይላል። ወንድሜ ያነበበው 7 ሰዓት ከ10 ብሎ ነው፣ ምን ያድርግ፣ የተወለደበት ሰዓት አቆጣጠር እኮ ነው፣ ሰባት ሰዓት ሲባል ምሳ በልቶ የሚያውቅ ልጅ ነው። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሐረር ተነሱ፣ በአወዳይ በሐረማያ አድርገው ደንገጎን ወርደው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ድሬ ኤርፖርት ደረሱ። በነሱ ሒሳብ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ቀድመዋል። እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለአዲስ አበባ ዘመዶች ቡናና ሐልዋ በፌስታል ይዛ፣ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ወረቀቱን አየት አደረገና "እማማ የአንቺ እኮ ጠዋት 1 ሰዓት ከ10 ላይ ሄዷል" አላት። እዛው ሆና ደወለችልኝ፣ ዴንቨር ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል፣ "ልጄ ቀድመን እኮ ነው የመጣነው" ነው ያለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም።

የዛን ቀን የተቃጠለው የመሄጃው ብቻ አልነበረም። መሄጃውን ሳትበር ስትቀር መመለሻውም አብሮ ተሰረዘ፣ ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፣ ደርሶ መልስ ቲኬት ሲሆን የመጀመሪያውን ካልተጠቀምክ ብዙ አየር መንገዶች ሲስተማቸው ቀሪውን በራሱ ይሰርዘዋል። የዓይን ቀጠሮዋም አለፈ፣ ቀጣዩ ከወር በኋላ ሆነ። ወንድሜ እስከዛሬ ሲያነሳው አንገቱን ይደፋል። ጥፋቱ ግን የሱ አይደለም፣ የሷም አይደለም፣ በየቀኑ ኤርፖርት እየዋልኩ ስክሪንሾት ብቻ ልኬ የተኛሁት እኔ ነኝ።

እዚህ አሜሪካ ስትኖር ሳታስበው ሁለት ሰዓት ይኖርሃል፣ አንዱ ግድግዳው ላይ ያለው ነው አንዱ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው፣ እናትህ ጋ ስትደውል አንዱን ቀንሰህ ሌላውን ደምረህ ታወራለህ፣ እየቆየ ልማድ ይሆንና ሀገር ቤት ያለው ሰው እንደዛ እንደማያሰላ ትረሳዋለህ። የእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፣ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት 1 ሰዓት ነው፣ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ክረምት ከበጋ ንጋታችን ብዙም ስለማይለዋወጥ ነው ይሄ ነገር የሚሰራው፣ እዚህ ዴንቨር ብትሞክረው በታህሳስና በሰኔ መሃል ይጠፋብሃል። ስለዚህ ቲኬት ላይ ካለው ቁጥር 6 ቀንስ። 07፡10 ካለ የጠዋት 1፡10 ነው፣ 13፡40 ካለ የቀን 7፡40 ነው፣ 19 እና ከዛ በላይ ከሆነ ደሞ 18 ቀንስ፣ 19፡30 የምሽት 1፡30 ነው ማለት ነው። ከ7 በታች ከሆነ 6 ደምርበት፣ 05፡30 ከሌሊቱ 11፡30 ነው። ከሁሉም የከፋው የእኩለ ሌሊቱ ነው፣ ሰኞ 00፡30 የሚል ቲኬት የፈረንጁ ሰኞ ገና 30 ደቂቃው ነው፣ እኛ ግን ያንን ሌሊት እሁድ ሌሊት ነው የምንለው፣ ሰኞ ማታ ሻንጣዋን ይዛ ቦሌ የምትሄድ እናት አንድ ሙሉ ቀን ነው የሚያልፋት። ቀኑም እንደዛው ነው፣ ቲኬቱ ጃንዋሪ 10 ሲል በእኛ በአብዛኛው ጥር 2 ነው፣ "10 ነው" ብቻ ብለህ በስልክ ከነገርካት ጥር 10ን ጠብቃ ቁጭ ትላለች።

አንዳንድ ዲያስፖራ ይሄን ሲሰማ "የሐበሻ ሰዓት" እያለ ይስቃል፣ ሕዝባችን ሰዓት አያከብርም ይላል። እኔ ይሄ አባባል በጣም ያናድደኛል፣ በተለይ ስለ ድሬ ሲባል። ድሬዳዋ እኮ ከተማ የሆነችው በባቡር ነው፣ ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በፈረንጆቹ 1902 ድሬ ሲደርስ ነው ከዚራና ሰፈሮቹ የተሰሩት፣ አዲስ አበባ ለመግባት ከዛ በኋላ 15 ዓመት ፈጅቶበታል። አያቴ ባቡር ውስጥ ነበር የሚሰራው፣ ሰዓቱ ደረቱ ኪስ ውስጥ ነበር የሚያድረው፣ ባቡሩ ሲነፋ እናቶች ድስት የሚጥዱበት የሚያወጡበትን ያውቁ ነበር እያለ ነው ያሳደገን። ሰዓት የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። በሚያውቀው ሰዓት ያልተነገረው ሕዝብ ነው።

ወደ ዴንቨር ልመለስ። እዚህ ብዙዎቹ አየር መንገዶች ለሀገር ውስጥ በረራ ሻንጣ የምታስረክብ ከሆነ 45 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋሉ፣ አውሮፕላኑ በር ደሞ በብዛት 15 ደቂቃ ሲቀረው። ከተዘጋ ተዘጋ፣ ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ብታዝንልህም ኮምፒውተሩ ራሱ የሻንጣ ወረቀት አያወጣላትም፣ አንድ ጊዜ አንድ የሰማንያ ዓመት አሮጊት እየገፋሁ 43 ደቂቃ ሲቀር ደረስን፣ ልጅቷ እጇን ዘርግታ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችልኝ፣ ቀይ ጽሁፍ ነበር፣ እየው ሌላ የምሰጥህ መልስ የለኝም ለማለት ነው። በጣም ነው ያመመኝ፣ አሮጊቷ ደሞ ለምን እንደቆምን እንኳን አልገባትም።

ግን ለምን እንደሚዘጋ ስራው ውስጥ ስትሆን ነው የሚገባህ። ሰው የሚመስለው አውሮፕላኑ እዛ ቆሞ እያየነው በር መክፈት ምን ያስቸግራቸዋል ነው። ካውንተሩ ሲዘጋ ስራው ገና ይጀምራል፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሻንጣ፣ ስንት ኪሎ ተብሎ ይደመራል፣ ክብደቱ ከፊት ነው ከኋላ የሚለው ይሰላል፣ ካፒቴኑ ያንን ወረቀት ሳያይ አይነሳም። ድሬ ላይ ይሄ የበለጠ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ70 በላይ ሰው የሚጭነው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው፣ እንዲህ ባለ አውሮፕላን የጥቂት ሰው ሻንጣም ሒሳብ ውስጥ ይገባል፣ ድሬ ከባህር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ ናት፣ ሙቀቷን ታውቁታላችሁ፣ አየር ሲሞቅ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር አውሮፕላን በደንብ አያነሳም፣ ኪሎ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ሌላው የሻንጣ ነገር ነው፣ በ1985 በፈረንጆቹ አንድ የህንድ አውሮፕላን ባለቤቱ ሳይሳፈር ሻንጣው ብቻ በገባ ቦምብ አየር ላይ ፈንድቶ 329 ሰው አልቋል፣ ስለዚህ ሻንጣህን ሰጥተህ ጌት ላይ ከጠፋህ ሻንጣህን ፈልገው ማውረድ አለባቸው፣ ከአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ያለውን እያወጡ አንድ በአንድ፣ ያ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ይጠብቅሃል ማለት ነው።

ባለፈው ጥር ሀገር ቤት ስገባ ድሬ ኤርፖርት፣ አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ የሚባለው፣ ቁጭ ብዬ ሰው አይ ነበር። አንድ ቤተሰብ መጣ፣ አንዲት ሴትዮ ልትሄድ ስምንት ሰው ሸኚ፣ ሸኚው ውስጥ ስለማይገባ ስንብቱ በር ላይ ነው፣ መሳሳሙ፣ ምርቃቱ፣ የረሳሁት አለ ተብሎ እንደገና ሻንጣ መክፈቱ፣ አንዷ ልጅ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በካርቶን ይዛ እየሮጠች ደረሰች። ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው፣ ዴንቨር በር ላይ ሰው ሰውን የሚያወርደው መኪናው ሳይጠፋ ነው፣ ፖሊሱ ሂድ ሂድ ይልሃል፣ እናትህን እንኳን አቅፈህ አትጨርስም። ግን ሴትዮዋ ፍተሻውን አልፋ፣ ጫማ አውልቃ፣ ካውንተር ስትደርስ ሊዘጋ ደቂቃዎች ነበሩ የቀሩት፣ ሻንጣው ኪሎ አለፈ፣ መሬት ላይ ከፍታ በርበሬና ቡና መለየት ጀመረች፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገባች ደግነቱ። ሰራተኛው "አብሽሪ እናቴ ቀስ ብለሽ" እያለ እራሱ ዚፑን ዘጋላት፣ እንዲህ አይነት ነገር ዴንቨር 6 ዓመት ሙሉ አላየሁም። እማዬንም የዛን ቀን ጥበቃው ወንበር አምጥቶ ውሃ ገዝቶላት ነው የጠበቀው፣ ስሙን ሳልጠይቅ ቀረሁ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ እዛ ጥሩ ነው እዚህ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ቅር የሚለኝ እዚህ ሰዓቱ ሳይሸሸግ ይነገራል፣ ስልክህ ላይ ይጮሃል፣ ሀገር ቤት ግን ሰው የሚነገረው የመነሻው ሰዓት ብቻ ነው። አውሮፕላኑ 1፡10 ይነሳል ይባላል፣ መቼ ይዘጋል የሚለውን ማንም አይነግርህም፣ አንተም አትጠይቅም። ለተጓዥ እኮ መነሻው ምንም አይሰራለትም፣ የሱ ሰዓት መዝጊያው ነው። ቲኬት ቢሮ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ በኢትዮጵያ ሰዓት ጻፉበት፣ ጠዋት ወይ ማታ ብላችሁ፣ ሁለት መስመር ነው።

የሐረር ሰው ደሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። የጠዋት 1፡10 በረራ ካለህ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ከሌሊቱ 11፡10 ኤርፖርት መገኘት አለብህ፣ ከሐረር ድሬ 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ቢፈጥን አንድ ሰዓት፣ ደንገጎ ላይ ከባድ መኪና ፊትህ ከተሰለፈ ከዛ በላይ፣ ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ልትነሳ ነው፣ በዛ ሰዓት ሚኒባስ የለም፣ በጨለማ ያንን ጥምዝምዝ በኮንትራት መውረድ ለእናት አይመከርም። ማታውኑ ድሬ ወርዶ ማደር ነው፣ ዘመድ ከሌለ ሳቢያን ወይ ከዚራ አልጋ መያዝ፣ የአልጋው ዋጋ ከተቃጠለ ቲኬት ይሻላል። ወይ የከሰዓቱን በረራ መግዛት ነው፣ ካለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። እኛ ውጪ ሆነን ቲኬት ስንገዛ የምንሞላው የራሳችንን ስልክና ኢሜል ነው። በረራው ሰዓት ሲቀየር መልዕክቱ የሚመጣው ለማን ነው? እኔ ዴንቨር ተኝቼ ስልኬ ትራስ ስር ይንጫረራል፣ እናቴ ግን ሐረር ምንም አታውቅም። የተጓዡን ቁጥር፣ ወይ ወሳጁን ሰው ቁጥር አስገቡ፣ ከቻላችሁ ሁለቱንም። ማታውን ደሞ ደውሎ በረራው እንዳለ ማረጋገጥ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ስክሪንሾት አልላኩም። በድምፅ ነው የላኩላት፣ "እማዬ ሐሙስ ጠዋት ነው፣ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ድሬ አክስቴ ጋ ትወርጃለሽ፣ ለሐሙስ አጥቢያ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ትነሻለሽ፣ 11 ሰዓት በሩ ጋ ነሽ፣ አውሮፕላኑን እርሺው እሱ የራሱ ጉዳይ ነው፣ 11 ሰዓትን ብቻ ያዢ።" ወንድሜ በትልቁ ጽፎ ቡፌው ላይ ለጠፈው፣ 11 ሰዓት ሌሊት ብሎ፣ ስሩ በቀይ አሰመረበት። ሐሙስ እለት እኔ ስራ ላይ ነበርኩ፣ እዚህ ረቡዕ ማታ ነው፣ ባዶ ዊልቸር ይዤ ሊፍት ስጠብቅ ደወለች። "ገብቻለሁ፣ ሻንጣዬን ሰጥቻለሁ፣ ወረቀቴን ይዤ ተቀምጫለሁ" አለችኝ፣ ከዛ ድምጿን ቀነስ አድርጋ "ግን ልጄ ገና እኮ አልነጋም፣ አውሮፕላኑም አልመጣ፣ አሁን ምን ልስራ?" አለች። ቁጭ በይ አልኳት፣ ቁጭ ብለሽ ጠብቂው።