ኮዱ ተቀይሮ ሰነዱ ከቀረ ሥራው አላለቀም

ሊኑክስ ላይ ስዋፒነስ የምትባል መቼት አለች፤ ስዋፕን፣ ማለትም ከራም የወጣ ዳታ የሚቀመጥበትን (ብዙ ጊዜ ዲስክ ላይ ያለ) ቦታ የምትመለከት ናት። ካልነካኳት 60 ላይ ናት። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው አንድ ቀን ሳያገኛት አይቀርም፤ ስለ እሷ የሚወራው ግን አብዛኛው ስህተት ነው። "ራሙ ይህን ያህል በመቶ ሲሞላ ወደ ስዋፕ መጻፍ ይጀምራል" የሚል ማብራሪያ ዛሬም በየቦታው ይነበባል።

እንደዚያ አይደለም። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ሜሞሪ ሲያጥረው በዋናነት ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ከዲስክ አንብቦ ራም ላይ ያቆየውን የፋይል ይዘት ይለቃል፣ ወይ ፕሮግራሞች የያዙትን ዳታ ወደ ስዋፕ ያወጣል። ስዋፒነስ የሁለቱን ወጪ የምታነጻጽር ቁጥር ናት። 100 ከሆነች እኩል ያስወጣሉ ማለት ነው። ዝቅ ካለች ስዋፕ ውድ ነው ማለት ነው። በቃ፣ ስለ መቶኛ የሚያወራ ነገር የለም።

ዜሮ ብናደርጋትስ? ነገሩ የሚብሰው እዚህ ጋ ነው። ድሮ ዜሮ ማለት "በተቻለህ መጠን ስዋፕ አታድርግ" ነበር፤ ሲጨንቀው ግን ከርነሉ ስዋፕ ያደርግ ነበር። በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣው 3.5 ከርነል ይህን ቀየረው። ከዚያ በኋላ ዜሮ ከተደረገ፣ ነፃው ሜሞሪና ራም ላይ የቆየው የፋይል ይዘት ተደምረው ከተወሰነ መጠን በታች እስኪወርዱ ድረስ ስዋፕ አይነካም። ዳታቤዝ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ደግሞ ዜሮ ማድረግን እንደ ጥሩ ልማድ ይዘውት ነበር። አዲሱን ከርነል ሲጭኑ፣ ስዋፑ ገና ባዶ ቦታ እያለው ከርነሉ ሜሞሪ አለቀብኝ ብሎ ዳታቤዙን ሊገድልባቸው ቻለ። ይህ ለውጥ በይፋዊው የከርነል ሰነድ ውስጥ የተጻፈው መቼ ነው? በ2014። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮዱ አንድ ነገር ሲሠራ ሰነዱ ሌላ ሲል ቆየ።

ለውጡ ራሱ ትክክል ነበር። ዜሮ ያሉ ሰዎች ዜሮ እንዲሆንላቸው ነው የፈለጉት። ግን ያቺን አንዲት አረፍተ ነገር ከኮዱ ጋር አብሮ መላክ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ባለመላኳ ስንት ሰው ሌሊት ተነስቶ ሎግ ሲያገላብጥ አደረ?

ይህን ስትሉ ሁሌ የሚመጣ መልስ አለ፤ "ሰነድ ምን ያደርጋል፣ ኮዱን አንብብ።" አልስማማም። ኮድ ዛሬ ምን እንደሚሠራ ይነግርሃል። ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ፣ የትኛው ነገር ነገ እንደማይለወጥ ቃል የተገባለት እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ በአጋጣሚ እንደዚያ የሆነ እንደሆነ ግን አይነግርህም። የሜሞሪ አስተዳደር ላይ ደግሞ ይሄ ክፍተት ከየትኛውም የከርነሉ ክፍል በላይ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሎክን እንውሰድ፤ ሁለት ሥራዎች አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ እንዳይነካኩ የሚያግድ ቁልፍ ማለት ነው። አንድ ፕሮግራም የሚጠቀምበት እያንዳንዱ የሜሞሪ ክልል በከርነሉ ውስጥ የራሱ መዝገብ አለው። መዝገቡ ውስጥ ብዙ መስኮች አሉ። የትኛውን መስክ ለማንበብ የትኛውን ሎክ መያዝ አለብህ? ለመጻፍስ? መልሱ እያነበብከው ባለው ፈንክሽን ውስጥ ላይኖር ይችላል። የጠራው ፈንክሽን ይዞት ሊሆን ይችላል፣ ወይም የእሱ ጠሪ፣ ወይም እዚያ ፋይል አናት ላይ የተጻፈ የቆየ ኮሜንት ውስጥ ተደብቆ ይሆናል። ከተሳሳትክ ማሽኑ ወዲያው አይወድቅብህም። የተለቀቀ ሜሞሪ ይነበባል፣ የሌላ ሰው ዳታ ይበላሻል፣ ከዚያ አልፎ ለጠላፊ በር ይከፈታል። በ2023 በ6.4 ከርነል ለእያንዳንዱ ክልል የራሱ ሎክ ሲጨመር ሕጉ ይበልጥ ተወሳሰበ። የከርነል ገንቢው ሎሬንዞ ስቶክስ በ2024 የትኛው መስክ በየትኛው ሎክ እንደሚጠበቅ በሰንጠረዥ ዘርዝሮ የጻፈው ሰነድ እስኪመጣ ድረስ፣ ይህ እውቀት በብዛት የነበረው በጥቂት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው። ለእኔ ያ ሰነድ ከብዙ አዳዲስ ፊቸሮች ይበልጣል።

የሜሞሪ አስተዳደር ሰነድ ታሪክ ራሱ ትኩረት ይፈልጋል። ለብዙ ዓመታት ሰው የሚማርበት ዋናው ምንጭ የከርነል ገንቢው ሜል ጎርማን በ2004 ያሳተመው መጽሐፍ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው፤ በዋናነት የሚያወራው ግን ስለ 2.4 ከርነል ነው። ከዚያ ወዲህ ያልተነካ ነገር ጥቂት ነው። በ2022 የሜሞሪ ክልሎች የሚደረደሩበት መዋቅር ተቀይሮ ሜፕል ትሪ ሆነ። ከሦስቱ የትናንሽ ሜሞሪ አከፋፋዮች ሁለቱ በ2023 እና በ2024 ተወግደው SLUB የሚባለው ብቻ ቀረ። በ2022 ማቲው ዊልኮክስ የጎርማንን መጽሐፍ የምዕራፍ አከፋፈል ተከትሎ አዲስ የሰነድ መዋቅር ዘረጋ። አብዛኞቹ ገጾች ርዕስ ብቻ ነበራቸው። ባዶ ገጽ ምን ይጠቅማል ያለ ይኖራል። እኔ ጥሩ ውሳኔ ነው እላለሁ። ባዶ ገጽ ስትከፍት እንዳልተጻፈ ታውቃለህ፤ ሌላ ቦታ ትጠይቃለህ። ያረጀ ገጽ ስታነብ ግን አምነኸው ትሄዳለህ። ደግሞም ገጾቹ እየተሞሉ ነው፤ ማይክ ራፖፖርት ስለ ፊዚካል ሜሞሪ፣ ሊኑስ ዋሌይ ስለ ፔጅ ቴብል በ2023 ጽፈዋል።

መስተካከል ያለበት የቱ ጋ ነው? ከርነሉ ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ለሚልኩ ሰዎች ያዘጋጀው የማረጋገጫ ዝርዝር አለው። አዲስ የተጠቃሚ መቼት ስትጨምር ሰነድ ጻፍለት ይላል። ጥሩ። ችግሩ አዲስ ነገር ላይ ሳይሆን የነበረው መቼት ስሙ ሳይለወጥ ባሕርዩ ሲለወጥ ነው፤ ልክ ዜሮ ላይ እንደሆነው። እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። ባሕርይ የሚቀይር ፓች ሰነዱን ካላስተካከለ፣ ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር ይመለስ። ሥራ ያዘገያል? አዎ፣ ትንሽ ያዘገያል። ግን ይቻላል። በ2020 ዮሐንስ ቫይነር የስዋፒነስን ጣሪያ ከ100 ወደ 200 ሲያሳድግ፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚያብራራውን ጽሑፍ በዚያው ፓች አደሰው። ዛሬ ያ ገጽ ግልጽ ነው፤ ስዋፑ ራም ውስጥ ተጨምቆ የሚቀመጥ ከሆነ ከ100 በላይ ማድረግ እንደሚቻል ሳይቀር ይነግርሃል። በየኪሳችን ያሉት ትንሽ ራም ያላቸው አንድሮይድ ስልኮችም የሚጠቀሙት ይህንኑ የመጭመቅ ዘዴ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ኮምፒውተር ሳይንስ እየተማራችሁ "ከርነል ላይ መሥራት ለእኔ አይሆንም" የምትሉ ካላችሁ፣ በዚህ በኩል ግቡ። አንድ ገጽ ምረጡና ከኮዱ ጋር ጎን ለጎን አንብቡ። የማይገጥም አረፍተ ነገር ካገኛችሁ ኮዱ መቼ እንደተቀየረ በጊት ታሪክ ፈልጉ፣ አስተካክሉ፣ ምክንያቱን ከነኮሚቱ ቁጥር ጻፉ። ለማን እንደሚላክ የሚነግር ስክሪፕት ከኮዱ ጋር አብሮ ይመጣል። የፊደል ግድፈት ብቻ እያረማችሁ አትላኩ፤ የተሳሳተ ባሕርይ ፈልጉ። ስለ ስዋፕና ሜሞሪ ሲያልቅ ስለሚገደሉ ፕሮግራሞች የሚያወሩት ምዕራፎች ጥሩ መነሻ ናቸው፣ ምክንያቱም የምትጽፉትን በራሳችሁ ላፕቶፕ፣ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ራሙን አሳንሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ።