ለክረምቱ አርበኞቻችን

ሐምሌ ሲገባ ደሴ ያምርባታል። የጦሳ ተራራ ጉም ይለብሳል፣ እኛ ቲሸርት እንለብሳለን። ባነር ይዘን ዳገቱን እንያያዘዋለን። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ በዚህ ጥበብ የሚስተካከለን ካለ ይምጣና እንየው።

አተካከላችን ለብቻው ያስመሰግናል። አንዷን ችግኝ ስምንት ሰው ይይዛታል። አካፋው ላይ አለቃ፣ ከአለቃው ትከሻ ሥር ምክትሉ። ጉድጓዱ ያው የአምናው ነው፤ ቁጠባ መሆኑ ነው። ፕላስቲኩን ማውለቅ ጊዜ ስለሚፈጅ ችግኟ ከነልብሷ ትቀበራለች። የደሴ ብርድ እንደሁ ይታወቃል! ሥሯ መፈናፈኛ ቢያጣ ምን ገዶን? ሥር ፎቶ ላይ አይታይም።

የዛፍ ምርጫችንስ? ባሕር ዛፍ! ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይሸጣል፣ ከሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም አያስጠጋም። ጨዋ ዛፍ ነው። ጽድና ወይራ ግን ጣጣቸው ብዙ ነው። ሲያድጉ ዓመታት ይጎተታሉ። ካደጉ በኋላ ደግሞ ወፉን፣ ጦጣውን፣ ድኩላውን፣ ንቡን ሰብስበው ተራራውን የእድር ድንኳን ያስመስሉታል። ኮምቦልቻ አጠገብ ያለው የጎፍ ደን የዚህ ጫጫታ አንዱ መናኸሪያ ነው።

ወፎቹንማ አያንሷቸው። የወይራ ፍሬ ይውጡና ዘሩን ቁጥቋጦ ሥር ይጥሉታል። ችግኙ በጥላው ተከልሎ፣ ከፀሐዩም ከከብቱም ተርፎ ያድጋል። ያለ ባነር! ያለ ውሎ አበል! ሪፖርት እንኳ አያቀርቡም። ይህ ሕገወጥ ተከላ እንዳይስፋፋ ይመስለኛል ቁጥቋጦውን ለማገዶ፣ ወይራውን ለከሰል የምናውለው። ቁጥቋጦው ሲመነጠር አዲሱ ችግኝ ይጠወልጋል። ዛፉ ሲወድቅ ወፏ ሌላ አገር ትፈልጋለች። አለቀ፣ ደቀቀ።

ደግሞ የወይራ ከሰል ፍሙ ሲቆይ! ከተከላ ተመልሰን፣ ጭቃችንን አራግፈን፣ በእሱ የፈላውን ቡና እስከ በረካ እንጠጣለን። ስለ ደን መመናመን እንዲህ ተመችቶ በቁጭት የሚያወያይ ፍም የት ይገኛል?

ክትትል የላችሁም የሚሉን ምቀኞች አሉ። ሐሰት ነው። እኛ ስንወርድ ፍየሎች ይወጣሉ። እያንዳንዱን ችግኝ በአካል ይጎበኛሉ፣ አንዱንም አይዘሉም። የኛ ሪፖርት የተተከለውን ቆጥሮ ሲያበቃ፣ የቀረውን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። በመስከረሙ ግምገማ ለነሱም የምስክር ወረቀት እንዲዘጋጅ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቲሸርቱ ግን ይቅርባቸው፤ ይበሉታል።