እንግዳ ቁሞ አይጠየቅም

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ፤ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

እዚህ ፍራንክፈርትና አካባቢው ያለን የጎጃም ልጆች በዓል ሲደርስ አዳራሽ ተከራይተን እንሰበሰባለን። ድፎው፣ ዶሮው፣ ጠላው በየቤቱ ተሰናድቶ ይመጣል። ዘንድሮ ምግቡ ገና ሳይቀርብ መድረክ የያዘው ሰው ማይክ አንሥቶ «አዲስ የመጣችሁ እየተነሣችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ» አለ። ሃያ ዓመት ያለፈው የማይመስል አንድ ልጅ ተነሣ። ስሙን ከነአባቱ ተናገረ፤ «አገሬ ማቻከል ነው» ብሎ ሊቀመጥ ሲል ከየጠረጴዛው ጥያቄ ዘነበበት። «መቼ ገባህ?» «በየት በኩል መጣህ፣ በሊቢያ ነው?» «ሃይም ነው ያለኸው? ወረቀት ሰጡህ ወይስ ዱልዱንግ ነው?» (ሃይም የስደተኞች የጋራ መኖሪያ፣ ዱልዱንግ መባረሩ ለጊዜው የታገደለት ሰው የሚይዘው ወረቀት ነው።) «ማቻከልን አሁን ማን ነው የያዘው?» ልጁ የመጀመሪያውን መለሰ፤ ሁለተኛው ላይ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ማይኩን አጠገቡ ላለው ሰው ሰጥቶ ወጣ። ዶሮው ሲቀርብ አልነበረም።

እኔን ያንገበገበኝ ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ሰው ሲሞትብን ቀድመው የሚደርሱ፣ ለአገር ቤት ገንዘብ ሲዋጣ እጃቸው የማይታጠፍ ናቸው። ታዲያ ምን ነካን? ጀርመን ጥገኝነት የጠየቀ ሰው በየት አገር አልፎ እንደ መጣ፣ ለምን እንደ ተሰደደ በአስተርጓሚ አንድ በአንድ ይጠየቃል። ያለው ሁሉ ይጻፋል፤ እዚህ አገር መኖር አለመኖሩ በአብዛኛው በዚያ ቃሉ ይወሰናል። ያን ጥያቄ ያየ ሰው ወገኔ ዘንድ ልረፍ ብሎ ሲመጣ እኛ ያንኑ በማይክ እንደግምለታለን። የመጨረሻው ጥያቄማ ይብሳል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ አገራችን ላይ የወረደውን ጦርነት የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ቤተሰቡን እዚያ ትቶ የመጣ ልጅ፣ ግማሹ ሰው ስልኩን ደቅኖ በሚቀርጽበት አዳራሽ «ማን ነው የያዘው?» ተብሎ ይጠየቃል? ምን ብሎ ይመልስ? የተናገረው ማን ጆሮ እንደሚደርስ በምን ያውቃል?

ሴቶቹ ላይ ደግሞ ሌላ አለ። «አግብተሻል?» «የልጁ አባት የት ነው?» ስትባል የሰማኋት አንዲት እኅት ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር አላየኋትም።

ይህን ከየት ተማርነው? ከቤታችን አይደለም። እኛ አገር መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥር ውጭ ቁሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ራሱን ያስተዋወቀው በዚህ ነው፤ ስም የለ፣ ቀየ የለ። ውሻው ይያዛል፣ «ይግቡ» ይባላል፣ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል፣ ለእግሩ ውኃ ይቀርባል፣ እንጀራው ይከተላል። «አገርዎ ወዴት ነው?» የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ራሱ አውርቶ ጨዋታው መንገድ ሲይዝ። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያልቀመሰ እንግዳ ስሙን ስንጠይቅ በዐይኗ ትገርፈን ነበር።

ከተማም ቢሆን ያው ነው። ደብረ ማርቆስ እኛ ሰፈር አዲስ ተከራይ ሲገባ ቡናው ከጎረቤት ነው የሚመጣው። እድር ልግባ ቢል የሚያውቀው አንድ አባል ይዞት ይሄዳል፤ «ጎረቤቴ ነው፣ ደኅና ሰው ነው» ይልለታል። መግቢያውን ይከፍላል፣ ቤተሰቡ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዳኛው የሚጠይቀው ለእድሩ የሚያስፈልገውን ነው፤ ማን ቢሞትበት እንደሚደርሱለት ያውቃሉ፣ ይበቃቸዋል። የጽዋ ማኅበርም እንዲሁ፤ አዲሱን ሰው ለማኅበሩ መሪ፣ ለሙሴው፣ የሚያቀርበው ነባሩ ነው። ስለ ራስ በሰው ፊት አፍ ሞልቶ መናገር የፉከራና የሽለላ ነው፤ ከእንግዳ አይጠበቅም።

የቆሎ ተማሪውን ደግሞ አስቡት። ከወሎ ወይም ከጎንደር ተነሥቶ ዲማ ወይም ዋሸራ ቅኔ ሊማር ይመጣል። ደበሎና አኮፋዳ ነው ያለው። የኔታ የሚጠይቁት ከማን ዘንድ እንደ ተማረ፣ ምን ላይ እንደ ደረሰ ነው። ገና ከሆነ ከግሡ፣ ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃናው ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ማንነቱን የሚናገርለት ቅኔው ነው። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና አሳክቶ የተቀኘ ቀን ጓደኞቹ ምን ዓይነት ልብ እንዳለው ያውቃሉ። እስከዚያ ይታገሡታል። ይህ ትዕግሥት ነው ከእኛ የጠፋው።

የአገር ቤቱን ሁሉ አጸድቃለሁ ማለቴ አይደለም። «የማን ዘር ነህ?» የሚለው ጥያቄያችን ስንቱን ከማዕድ አስነሥቷል! ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያልን ከጋብቻ አርቀናል፤ የሠሩትን ጋቢ ለብሰን፣ በማረሻቸው አርሰን፣ በጀበናቸው ቡና አፍልተን። ይህ በደል ነው። እዚህም ድረስ ተሻግሮ በአዳራሻችን ጥግ «አባቱ ማን ነው?» ተብሎ ሲሾካሾኩ ስሰማ ያመኛል።

ጀርመኖቹንስ? በአንዱ እቀናባቸዋለሁ፣ አንዱን እስካሁን አልለመድኩላቸውም። ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ሁሉም ስሙን በወረቀት ጽፎ ፊቱ ያቆማል። መጀመሪያ ራሷን የምታስተዋውቀው አስተማሪዋ ናት። ከዚያ ተራ በተራ «የእገሌ እናት ነኝ»፣ «የእገሊት አባት ነኝ» ይባላል፤ አለቀ። የትም ተወለድ፣ በምንም ወረቀት ኑር፣ ለዚያ ክፍል የሚያስፈልገው የማን ወላጅ መሆንህ ነው። ልኩን ያውቁታል። እኔ እዚያ ወንበር ላይ እንደ ማንም እናት ተቀምጬ፣ እንደ ማንም እናት ወጥቻለሁ።

ጎረቤትነት ላይ ግን ተዉኝ። አዲስ ቤት የገባው ሰው ራሱ በየበሩ እየደወለ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ ገባሁ» እንዲል ይጠበቅበታል። ካልደወለ የሚመጣለት የለም። ሥራ ቦታም ኬክ ይዞ ነባሮቹን የሚጋብዘው አዲስ የተቀጠረው ነው። ሕጉ ደግሞ ቤት በገባህ በ2 ሳምንት ውስጥ ሄደህ አድራሻህን አስመዝግብ ይላል። መዝገቡ ያውቅሃል፤ ደጃፍህ ፊት ለፊት ያለው ሰው አያውቅህም። እኔ ደወሌ ላይ የተጻፈው የአባቴ ስም ነው፤ ሕንፃው ሁሉ በአባቴ ስም «ወይዘሮ» እያለ ይጠራኛል፤ አባቴ ማን እንደ ነበረ ግን የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ታምሜ በተኛሁበት ክረምት ያን ደወል የደወለው ፖስተኛው ብቻ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ እልሁ ይመጣብኛል።

እኛ ታዲያ ከሁለቱም የከፋ የከፋውን መርጠን ቀላቀልነው። ከጀርመኑ አዲሱ ሰው ራሱ ይነሣና ይናገር የሚለውን ወሰድን፤ ከአገር ቤት ደግሞ ዘር ማንዘር ቆጠራውን። ከጀርመኑ ልክ ማወቁን፣ ከአገር ቤት እንግዳን ማስቀደሙን ብንወስድ ምን ነበረበት?

ለኮሚቴው ነግሬያለሁ። «ሰው እንዲተዋወቅ ብለን ነው እኮ፣ እትዬ» አለኝ አንዱ። መተዋወቅ ከሆነማ ነባሩ ይጀምር! ለእንቁጣጣሹ ዝግጅት የምለምነው ይህን ነው። በር ላይ ሁለት ሰው ይቁም፤ አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የራሳቸውን ስም ይንገሩት፤ ይዘውት ገብተው የአገሩ ሰው ካለበት ጠረጴዛ ያስቀምጡት። ምግብ ሳይበላ ማይክ አይነሣ። መናገር የሚወድ ይናገር፤ ለማይወደው አጠገቡ ያለው ሰው «ወንድማችን እገሌ ይባላል፣ እንኳን ደኅና መጣህ በሉት» ይበልለት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ጦርነቱ የሚጠይቅ ቢነሣ መድረክ መሪው እዚያው ያስቁመው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስብሰባም አይጠይቅም።

አዲስ ለመጣችሁት ደግሞ፤ ስማችሁንና ከወደዳችሁ ከተማችሁን ወይም ደብራችሁን ንገሩን፤ ይበቃል። የምትችሉት ሙያ ካለ አትደብቁን፤ መሰንቆ የሚመታ፣ ሹሩባ የምትሠራ፣ ልጆቻችንን ፊደል የሚያስቆጥር ሰው እየፈለግን ነው። የቸገራችሁ ነገር ካለ፣ የቋንቋ ትምህርትም ይሁን ጠበቃ ወይም የብርድ ካፖርት፣ ካመናችሁት ለአንዱ ለብቻው ንገሩት። የቀረውን የመመለስ ዕዳ የለባችሁም። ትልቅ ሰው ቢጠይቃችሁም «አያ፣ እሱን ሌላ ጊዜ እንጫወተዋለን» ብሎ መቀመጥ ነውር አይደለም።