ለሚስኪን ምን ይከለከላል?

ሚስኪንን የሚጠላ ተመልካች የለም። የአሜሪካ የኮሌጅ ኮሜዲ ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ፊልሙ ገና ሲጀምር አንድ መነጽራም ልጅ ሻንጣውን እየጎተተ ግቢ ይገባል። ጡንቸኞቹ ይስቁበታል። አንዱ ይገፋዋል። በቃ! ከዚያች ግፊያ በኋላ ልጁ ለቀሪው ፊልም ሙሉ ፈቃድ አውጥቷል። በመስኮት ቢያጮልቅ፣ ቢሰርቅ፣ ቢያታልል እኛ አለንለት። በየትኛውም ፍርድ ቤት እንዲህ የተቀላጠፈ አገልግሎት አታገኙም።

መንገዱን የጠረገው የ1978ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «አኒማል ሃውስ» የተባለው ፊልም ነው። ታሪኩ በ1962 ፌበር በሚባል የፈጠራ ኮሌጅ ውስጥ ይካሄዳል። ጀግኖቹ የግቢው ውራ የወንዶች ማኅበር፣ ማለትም አንድ ቤት አብረው የሚኖሩ ተማሪዎች ክበብ፣ አባላት ናቸው። ከመካከላቸው ብሉቶ የሚባለው፣ ጆን ቤሉሺ የተጫወተው፣ አማካይ ውጤቱ 0.0 ነው። ይህ ሚስኪን አንድ ማታ መሰላል ይዞ ወደ ሴቶቹ ማኅበር ቤት ይሄዳል። ይወጣል። ልጆቹ ልብሳቸውን ሲያወልቁ በመስኮት ያያል። ከዚያ መሰላሉ ላይ እንዳለ ፊቱን ያዞርና ቀጥ ብሎ ካሜራውን፣ ማለትም እኔንና እናንተን፣ እያየ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። ጨዋነት ማለት ይሄ ነው። ብቻውን አይቶ መውረድ ይችል ነበር። ሳይጋብዘን ማየት ግን ነውር መሰለው።

እኛም ግብዣ አንንቅም። ፊልሙ በ3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ100 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በ2001 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአገሪቱ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ብሉቶስ? መጨረሻ ላይ በሚወጣው ጽሑፍ መሠረት ሴናተር ሆኗል። እዚህ ላይ ቀልዱ የቱ እንደሆነ እስካሁን የሚያከራክር ይመስለኛል።

ግን ጥበቡ የበሰለው በ1984 ነው። «ሪቬንጅ ኦፍ ዘ ነርድስ» (የቀለሜዎች በቀል) ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ጄፍ ካኒው። ሉዊስና ጊልበርት የሚባሉ ሁለት ቀለሜዎች አዳምስ ኮሌጅ ይገባሉ። የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾቹ በእሳት ሲጫወቱ የራሳቸውን ቤት ያቃጥሉና የፍሬሾቹን ዶርም ይነጥቃሉ። ፍሬሾቹ ጂም ውስጥ ታጣፊ አልጋ ላይ ይተኛሉ። አሠልጣኙ ከተጫዋቾቹ ጋር ነው፣ ዲኑ አሠልጣኙን ይፈራል። እውነቱን ለመናገር ይሄ በደል ነው፤ ማንም ያያል። እንዲያውም ማንም ማኅበር አልቀበላቸው ሲል እጁን የዘረጋላቸው የጥቁሮች ማኅበር መሆኑ የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ ነው። ይህቺን ያለ ሽሙጥ ነው የምላችሁ።

አሁን ወደ በቀሉ እንምጣ። ተጫዋቾቹ ምን ተቀጡ? በውስጥ ሱሪያቸው ላይ የሚያቃጥል ቅባት ተቀባባቸው። ሜዳ ላይ ሲዘሉ ዋሉ። ዶርም ለነጠቀ ሰው ይበቃል መሰለኝ።

የሴቶቹ ማኅበር አባላትስ? እነሱም መላእክት አልነበሩም። ግብዣ እንመጣለን ብለው ቀርተዋል፣ በተጫዋቾቹ ተንኮልም ላይ ተባብረዋል። ስለዚህ ቀለሜዎቹ ቤታቸውን ወረሩ፤ ልጆቹ ሲጮኹና ሲሯሯጡ እነሱ ካሜራ ተከሉ። ከዚያ ቤታቸው ሶፋ ላይ ተደርድረው በቴሌቪዥን ይመለከቱ ጀመር። ከዚያም የአንዷን፣ የቤቲን፣ ራቁት ፎቶ ሳህን ላይ ለጥፈው ክሬም ደፉበትና ኬክ ነው ብለው ሸጡት። ለምን? ለበጎ አድራጎት! ገዢው ክሬሙን ሲጨርስ ቤቲን ያገኛል። ገበያው ደራ። ደግነታቸውን እዩልኝ፤ አንዲት ልጅ ሳትጠየቅ ለድሆች ስታዋጣ።

ያም አልበቃ። በካርኒቫሉ ላይ ሉዊስ የቤቲን ጓደኛ ጭምብል አጥልቆ ይቀርባታል። እሷ የራሷ ሰው መስሏታል። አብረው ይተኛሉ። ጭምብሉን ሲያወልቅ ትደነግጣለች፤ ለጥቂት ሰከንድ። ከዚያ ትወደዋለች። በቀጣዮቹ ክፍሎች ደግሞ ታገባዋለች። ሌላ ቦታ ቢሆን ፖሊስ የሚጠራበት ነገር እዚህ የፍቅር ጅማሬ ሆኖ አረፈው። ደራሲዎቹ አስበውበታል፤ ተበዳይዋ ከሣቅን በኋላ ካላመሰገነችን እንዴት እንቅልፍ ይወስደናል?

ሂሳቡን ልብ በሉ። የነጠቀው፣ የገፋው፣ ያዋረደው ተጫዋች ነው። ለእሱ ቅባት። ካሜራው፣ ፎቶው፣ ጭምብሉ ግን ለሴቶቹ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄው አይደል? በነገራችን ላይ ተጫዋቾቹ ቢያጮልቁ ኖሮ ብልግና ነበር። ያው መስኮት፣ ያቺው ልጅ። መነጽር ያደረገ ሰው ሲያይ ግን ፍትሕ ይባላል።

መጨረሻ ላይ ጊልበርት ማይክ ይዞ ተዋርዳችሁ የምታውቁ ሁሉ ከጎናችን ቁሙ የሚል ንግግር ያደርጋል። ሕዝቡ አንድ በአንድ እየተነሳ ይወርዳል። ቤቲም ትወርዳለች! የተዋረደች ቢባል ከእሷ በላይ ማን መብት አለው። እሷ ግን የወረደችው ሉዊስን ለማቀፍ ነው። አዳራሹ ያለቅሳል። እኔም ማልቀስ ያምረኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልናገርም።

የሚገርመው ዳይሬክተሩ ራሱ ከዳን። በ2019 ስለዚያ የጭምብል ትዕይንት ተጠይቆ ሰበብ የሚገኝለት እንዳልሆነ አምኗል። እኛ ግን ጽኑ ነን። የሠራው ሰው ያፈረበትን ነገር «ያኔ ዘመኑ ነው»፣ «ኮሜዲ እኮ ነው»፣ «አሁን ሰው ሁሉ ስሜተ ስስ ሆነ» እያልን እንከላከልለታለን። ማንም አልከፈለንም። በነጻ ነው። እንዲህ ያለ የጥብቅና መንፈስ ለሌላ ጉዳይ ቢውል የት በደረስን።

የአሜሪካ ፊልም ደረጃ ሰጪዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። ፊልሙን «አር» ብለውታል። ዕድሜው 17 ያልሞላ ልጅ ሲኒማ የሚገባው ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ነው ማለት ነው። ግሩም ሐሳብ። ልጁ ጥያቄ ሲኖረው የሚመልስለት አዋቂ አጠገቡ አለ። ቤት ሶፋ ላይ ብታዩትም ያው ነው። እንግዲህ የጭምብሉ ጋ ስትደርሱ ዝግጁ ሁኑ።

«አባዬ፣ ማን እንደሆነ አላወቀችም እንዴ?»

«ኮሜዲ እኮ ነው የኔ እናት።»

«ግን አታለላት።»

«ምን ያድርግ፣ ልጁን ግቢው ሁሉ ሲያዋርደው ነው የከረመው።»

«እሷ ናት ዶርሙን የቀማችው?»

«አይ፣ ተጫዋቾቹ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን እነሱን...»

«እስኪ ፈንዲሻውን አቀብዪኝ።»