ንቅሳት ስንል እናት፣ ታቱ ስንል ዱርዬ

ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ የምትኖሩ ሁሉ ስሙኝ። ኮንዶሚኒየም ደርሶን ወይ ተከራይተን ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የወጣን ሰዎች ነን። አንዳችን የሌላችንን ሀገር ሳናውቅ በአንድ ደረጃ እንወጣለን፣ እንወርዳለን። ውሃ በፈረቃ ስትመጣ አብረን ጄሪካን እንደረድራለን። ሀዘን ሲደርስ ኮሚናል ውስጥ ተሰብስበን ሽንኩርት እንልጣለን። ይሄን ያህል ተጠጋግተን እየኖርን ሰውን በቆዳው መመዘን ከየት አመጣነው?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል ሲንጀሬን ዘርግቼ ስሰፋ ሰባት ዓመቴ ነው። ልብስ ሰፊ የሰውን ገላ ያውቃል። ማን እንደከሳ፣ የማን ትከሻ እንደዘመመ፣ ማን እንዳረገዘች ከቤተሰቧ ቀድሜ የማውቅበት ጊዜ አለ። ያወቅኩትን ይዤ ዝም እላለሁ። ይሄኛውን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ባለፈው ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሴቶች መጡብኝ።

የመጀመሪያዋ አካውንቲንግ ተምራ የተመረቀች ልጅ ናት። ግራጫ ሸሚዝ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ እጅጌውን እስከዚህ አስረዝሚልኝ» አለችና የጣቶቿን መነሻ አሳየችኝ። ኢንተርቪው ነበረባት። ከእጅ አንጓዋ ተነስቶ ወደ ክርኗ የሚወጣ የአበባ ሐረግ ተነቅሳለች። የእጅጌውን ጫፍ ተረተርኩት። ታጥፎ የተሰፋው ትርፍ ጨርቅ ሁለት ጣት አይሞላም። ከሌላ ጨርቅ ቀጥዬ አስረዘምኩት። ለበሰችው። ከዚያ ወረቀት ለሰው የምታቀብል መስላ እጇን ወደ ፊት ዘረጋች። እጅጌው ወደ ኋላ ተሰበሰበ፤ የአበባው ጫፍ ብቅ አለ። «አሁንም ይታያል እትዬ።» እንደገና ፈታሁት። እንደገና ለበሰች፣ እጇን ዘረጋች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። በሦስተኛው ላይ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። የአራት ዓመት ትምህርቷን ይዛ የምትጨነቀው ስለ ሒሳብ ጥያቄ አልነበረም።

ሁለተኛዋ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ከጎጃም ነው የመጣችው። ግንባሯ ላይ ትንሽ መስቀል፣ አንገቷ ላይ እንደ ማተብ የዞረ ሦስት መስመር ንቅሳት አላት። አሠሪዋ የሰጠቻትን ቀሚስ ይዛ መጣች። «ኮሌታ ይወጣለት ይሆን እትዬ? እስከ አገጬ ድረስ።» ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። እንግዳ ሲመጣ ሻሽሽን አንገትሽ ላይ ጠምጥሚ እየተባለች ነው። የብሎኩ ልጆች «ገጠሬ» ይሏታል። ሙቀቱ ስላስቸገራት በሻሹ ፋንታ ኮሌታ ይሻላል ብላ መጣች።

እስቲ ንገሩኝ። አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ኮሌታ እያስረዘመች ከማን ነው የምትደበቀው? ከእኛ ነው። የድሮውን ብትነቀስ ፋራ፣ የአሁኑን ብትነቀስ ዱርዬ። በመሀል መቆሚያ አልተዋችሁላቸውም።

ቃላችን ራሱ ያጋልጠናል። በመርፌና በጥላሸት ሲሆን «ንቅሳት» እንላለን፣ ድምፃችን ይለሰልሳል፣ እናት ትዝ ትለናለች። በማሽን ሲሆን «ታቱ» እንላለን፣ ግንባራችን ይቋጠራል። ቀለም ከቆዳ ሥር መግባቱ አንድ ነው። መድማቱም አንድ ነው።

የእናቴን ልንገራችሁ። እናቴ አንገቷንም ድዷንም የተነቀሰችው ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ፣ ለሠርጓ ስትታሰብ ነው። ነቃሿ የመንደር ሴት ነበረች። መርፌዎች በክር አስራ፣ የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለውሳ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ወጋቻት። ሁለት ሴቶች እጅና እግሯን ይዘዋት ነበር። ድዷ አብጦ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ አጥሚት በጭልፋ ነበር የሚሰጧት። ድድ ሲጠቁር ጥርስ ይነጣል፣ ድድም ይጠነክራል ተብሎ ነው። አንገቱ ደግሞ ላላት ጌጥ፣ ለሌላትም የማይሰረቅ ሀብል ነው። እናቴ ፈቅዳ አልተነቀሰችም፤ ማንም አልጠየቃትም። ያንን ያልተጠየቀችበትን ንቅሳት ስንት አዝማሪ ገጥሞለታል! ዛሬ ደግሞ አንዷ ልጅ አስባበት፣ ከራሷ ኪስ ከፍላ፣ የራሷን እጅ ብትነቀስ ቤተሰብ አሰዳቢ ትባላለች። ለእኔ የሚመስለኝን ልናገር። ያስቆጣችሁ ቀለሙ አይደለም። ልጅቷ ሳታስፈቅዳችሁ መወሰኗ ነው።

እንዲያው ነው የምትይው ካላችሁኝ የባህል ምሽት ሂዱ። ተወዛዋዦቹ አንገታቸውና ግንባራቸው ላይ በዓይን ኩል ንቅሳት ስለው ይወጣሉ። ታጨበጭባላችሁ፣ ትሸልማላችሁ፣ ፎቶ አብራችሁ ትነሳላችሁ። በኩል የተሳለውን ስትሸልሙ አምሽታችሁ ቤት ስትገቡ በር የምትከፍትላችሁን ልጅ አንገትሽን ሸፍኚ ትላላችሁ። ይሄ ያሳፍራል። እኔን በጣም ያሳፍረኛል።

አንድ አከራይ አለ በዚሁ በእኛ በኩል። ስሙን አልጠራም። ደላላ አንዲት ነርስ ይዞለት መጣ። ሱቄ በር ላይ ነው የቆሙት፣ ሁሉንም እየሰማሁ ነው። በዋጋው ተስማሙ። የሁለት ወር ቅድሚያ ልትከፍል ብር ስትቆጥር የአንገቷ ሻርፕ ተንሸራተተ። ከጆሮዋ ሥር ትንሽ ወፍ ተነቅሳለች። ሰውየው ብሩን ሳይነካ «ይቅርታ እህቴ፣ ለካ ባለቤቴ ለሌላ ሰው ቃል ገብታለች» አላት። ልጅቷ ገብቷታል። ብሯን በፖስታው መልሳ ሻርፗን አስተካክላ ሄደች። ቤቱ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ባዶውን ተቀመጠ። እኔ ያን ዕለት መቀሴን ይዤ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያ ሰውዬ ግን የራሱ ልጅ ክንዱ ላይ ትልቅ አንበሳ ተነቅሶ በጊቢው ውስጥ በካኒቴራ ሲንጎራደድ ያየዋል። ስለ እሱ ያለው «ስፖርተኛ ነው» ብቻ ነው። ክንዳቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ ሹፌሮች አሉ፣ የፍቅረኛ ስም የተነቀሱ ወንዶች አሉ። ሳያከራያቸው የቀረ ሰው ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም።

ደረጃ ላይ ቆማችሁ ጥቅስ የምትጠቅሱም አላችሁ። ዘሌዋውያን 19፥28 ገላን መነቀስ ይከለክላል፣ እውነት ነው። ጥቅሱ ላይ አልከራከርም። የንስሐ አባቷ ብቻዋን ጠርቶ ቢመክራትም መብቱም ግዴታውም ነው። እናንተ ግን ያንኑ ምዕራፍ ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። ቁጥር 13 የሠራተኛን ደመወዝ አታሳድሩ ይላል። ቁጥር 16 በሕዝብ መካከል እየዞሩ ማማትን ይከለክላል። ቁጥር 35 ሚዛን አታዛቡ ይላል። የብሎካችን ጥበቃ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፈለው ቁጥር 28ን በቃላችሁ የምትሉት ምን ሆናችሁ ነው? ደግሞስ ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ እናቶች ሲያስቀድሱ አላየንም? ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሄዱ ክርስቲያኖች ክንዳቸው ላይ መስቀል ተነቅሰው መመለሳቸው የዘመናት ልማድ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቼም ንቅሳት በእምነታችን ክልክል ነው፣ ሂና ነው የሚፈቀደው ይሉኛል። እሺ። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 ግን ሐሜትን የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር ነው ያመሳሰለው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 24 ላይ ማንኛውም ሰው ሰብዓዊ ክብሩና መልካም ስሙ የመከበር መብት አለው ይላል። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል።

በእውነት ከተቆረቆራችሁላት የምትጠይቋት ሌላ ነገር አለ። መርፌው አዲስ ነበር ወይ? ቀለሙ የተቀዳበት ዕቃ ለሌላ ሰው አልዋለም ወይ? ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ኤችአይቪ በደም የሚተላለፉ ናቸው። ያልጸዳ መርፌ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያሻግራቸዋል። የእናቶቻችን ነቃሽ በያዘችው መርፌ መንደሩን ስታዳርስ ይሄን አታውቅም ነበር፤ እኛ እናውቃለን። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለው፣ ለሲ ክትባት የለውም። ልጃችሁ ልትነቀስ እንዳሰበች ከሰማችሁ ይሄን ንገሯት። በር ዘግታችሁ ከጮኻችሁባት ግን ተደብቃ ሄዳ፣ ርካሽ ፈልጋ፣ ከማታውቀው ሰው ቤት ትነቀሳለች። የዚያን ጊዜ መርፌውን የሚያይላት ሰው አይኖርም።

«ታጥፋው» የሚል ምክርም ሰምቻለሁ። ቀለሙ እኮ እየተቀረፈ በሚተካው በላይኛው ቆዳ ላይ አይደለም ያለው። ከሥሩ ነው። ለዚህ ነው የእናቴ አንገት ቆዳው ተሸብሽቦ ንቅሳቱ ያልለቀቀው። በሌዘር ማስለቀቅ ብዙ ምልልስና ብዙ ብር ይፈልጋል። በሚያቃጥል ነገር መፋቅ ደግሞ ትርፉ ጠባሳ ነው። እጅጌ አልሸፍን ስላለው ንቅሳት ብላችሁ ገላሽን አቃጥዪ አትበሏት።

አንድ ነገር አስቸግሮኛል። የአበባ ሐረግ ስለተነቀሰችው ልጅ ሳወራ ሰዎች ቶሎ ብለው «ለምን ተነቀሰችው?» ይሉኛል። የሞተ ወንድሟ መታሰቢያ ነው ብዬ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። ከዚያ ሊያዝኑላት፣ ሊተዋት። ምክንያቷ ካላሳዘናቸው ግን ሊፈርዱባት ነው። እኔ ምክንያቷን አልጠየቅኳትም። ደስ ብሏት ሊሆን ይችላል። ጓደኛዋ ስለተነቀሰች ሊሆን ይችላል። ነገ ሊቆጫትም ይችላል። ጸጉሯን ስትቆረጥ ምክንያት አቅርቢ አላልናትም። ጨዋ ልጅ መሆኗንም ላስረዳችሁ አልፈልግም። ሥራ ሊቀጥሯት የሚገባው ሒሳብ ስለምትችል ነው። ቤት ሊያከራዩአት የሚገባው ኪራይ ስለምትከፍል ነው።

እናንተ እናቶች ደግሞ፣ ወንድ ልጃችሁ ታቱ ያላት ልጅ ቤት ይዞ ሲመጣ ሽማግሌ አልክም የምትሉ፣ አንድ ጊዜ የራሳችሁን እናት ፎቶ አውጥታችሁ እዩ። ያ ቡፌ ላይ የቆመውን፣ በጥቁርና ነጭ የተነሳውን። አንገቷን እዩ። ከዚያ ልጅቷን አስገብታችሁ ቡና አፍሉላት። ሌላ ሌላውን ጠባይዋን አይታችሁ ትወስናላችሁ።

እናቴ ከሁለት ሳምንት በፊት ከሀገር ቤት መጥታ እኔ ጋ ናት። ጉልበቷ ስለሚያማት አራተኛ ፎቅ ድረስ በቀን አንዴ ነው የምትወጣው። ቀኑን ሱቄ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ትውላለች። ቅዳሜ ዕለት ያቺ ልጅ ሌላ ሸሚዝ ልታሰፋ መጣች። ስትለካ እጅጌዋ ተሰብስቦ ነበር። እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ እጇን ያዘቻት።

«ይሄ የምን ቅጠል ነው ልጄ?»

«አበባ ነው እማማ። እንዲሁ ደስ ብሎኝ ነው።»

«በመርፌ ነው?»

«በማሽን ነው።»

እናቴ በአውራ ጣቷ ሐረጉን ተከትላ እስከ ክርኗ ሄደች። «አመመሽ?»

«አጥንቱ ጋ ሲደርስ አመመኝ።»

እናቴ ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አደረገችና ከጉሮሮዋ ሥር አንድ ቦታ በጣቷ ነካች። «እኔን እዚህ ጋ ነው» አለቻት። ልጅቷ ሜትሬን እንደያዘች ጎንበስ ብላ አየችው።