የኮሪያውን ንጉሥ አይቼ ምኒልክ ትዝ አሉኝ

«ኪንግደም» የሚባለውን የኮሪያ ተከታታይ ድራማ አይቼ ከጨረስኩ ሰነበትኩ። ንዴቱ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ድራማው ግሩም ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኔትፍሊክስ ላይ በ2019 እና በ2020 እ.ኤ.አ. በሁለት ሲዝን የወጣ ነው። ዘመኑ ኮሪያን ለረጅም ጊዜ የገዙት የጆሰን ነገሥታት ዘመን ነው። ንጉሡ ሞተዋል። ወጣቷ ንግሥት ደግሞ እርጉዝ ናት ተብሏል። ወንድ ልጅ ተወልዶ ዙፋኑ በአባቷ ወገን እጅ እስኪገባ ድረስ የንጉሡ ሞት መሰማት የለበትም። ስለዚህ አባትየው፣ የቤተ መንግሥቱ ጉልበተኛ ቾ ሃክጁ፣ ሬሳውን በአንድ ዕፅ ያስነሣዋል። ለሕዝቡ «ንጉሡ ፈንጣጣ ይዟቸዋል» ይባላል። የተነሣው ንጉሥ ግን ሰው ይበላል። አልጋ ወራሹ ሊ ቻንግ አባቴን ልይ ቢል ማን ያስጠጋው?

እዚህ ጋ ስደርስ ቴሌቪዥኑን አቆምኩት። የንጉሥ ሞት መደበቅ እኮ እኛ ቤት የሆነ ነገር ነው! አጤ ምኒልክ ዓመታት አልጋ ላይ ከርመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ለሕዝቡ አልተነገረም። ለእምዬ ምኒልክ አገር አደባባይ ወጥቶ አላለቀሰም። እቴጌ ጣይቱ ሥልጣናቸውን ተነጥቀው ባላቸውን ያስታምማሉ። ልጅ ኢያሱ ገና ወጣት ነው። መኳንንቱ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚህ በላይ ምን ድራማ ይፈለጋል? ደራሲዋ ኪም ኡንሂ መነሻ ያደረገችው እኮ በጆሰን ዜና መዋዕል ውስጥ የሰፈረ ነገር ነው። ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ የሚል። ዜና መዋዕል ደግሞ ከዓምደ ጽዮን ጀምሮ እኛም አለን። ሐንጉል የሚባለውን የኮሪያ ፊደል ያወጣው ንጉሥ ሴጆንግና የእኛ ዘርዐ ያዕቆብ በአንድ ዘመን የነገሡ ናቸው፤ ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የኮሪያዎቹን ጥንቃቄ ልንገራችሁ። በሽታው የተዛመተው በረሃብ ነው። የተራቡ ሕሙማን ሥጋ አገኘን ብለው ሾርባ ይጠጣሉ፤ ሥጋው የሰው ነው። ክፉ ቀንን ከአያቶቹ የሰማ ሰው ይህን ሲያይ ሆዱ ይላወሳል። ቀጥሎ ሬሳዎቹ እንዳይነሡ ይቃጠሉ ሲባል ባላባቶቹ እምቢ ይላሉ። ከወላጅ የተገኘ ገላ በእሳት አይነካም፤ የተራውን ሰው አቃጥሉ፣ የእኛን ግን አትንኩ። አንዲት እናት የአንድ ልጇን ሬሳ ሣጥን ውስጥ ደብቃ መርከብ ላይ ትጭናለች። የሚሆነውን ገምቱት። ሙት ተነሣ የሚለው ፈጠራ ነው። እናቲቱ ግን በአገሯ ወግ የኖረች ሰው ናት።

ባርኔጣዎቹስ! ከፈረስ ፀጉርና ከቀርከሃ የተሠሩ ናቸው፤ ብርሃን ያሳልፋሉ። የሰውየው ማዕረግ ገና አፉን ሳይከፍት ከራሱ ላይ ይነበባል። ድራማው ከወጣ በኋላ ፈረንጁ ሁሉ ስለ ባርኔጣ ሲያወራ ነበር።

እዚህ ቨርጂኒያ ኮሪያና ሐበሻ ጎረቤት ነው። አናንዴል ብትሄዱ ሱቁ ሁሉ በሐንጉል የተጻፈ ነው። አብራኝ የምትሠራ ኮሪያዊት አለች። «የእናንተን የነገሥታት ድራማ አሳዪኝ» አለችኝ። ለበዓል የተሠራ አንድ ድራማ ከፈትኩላት። ስሙን አልጠራም። ትንሽ አየችና «ወታደሩ ለምን የእጅ ሰዓት አደረገ?» ብላ ጠየቀችኝ። በቅንነት ነው የጠየቀችው። ምን ልበላት? እሷ ያላየችው ደግሞ እኔን ይበልጥ አቃጠለኝ። ባላገሩ ንጉሥ ፊት ሳያደገድግ ቀጥ ብሎ ቆሟል! ሐዘንተኛዋ ነጠላዋን የሠርግ አስመስላ ለብሳለች። ይህን ለማስተካከል እናቱን የጠየቀ ሰው ይበቃ ነበር።

«በጀት የለም» ይሉናል። በጀት መርከብ ያሠራል፣ ሠራዊት ያለብሳል፤ እውነት ነው። ማደግደግ ግን ስንት ብር ነው? ሰዓት ማውለቅስ?

ተመልካቹም ይለያል። በ2021 እ.ኤ.አ. «ጆሰን ኤክሶርሲስት» የሚባል ሌላ የነገሥታት ምትሐታዊ ድራማ ኤስቢኤስ በሚባለው የኮሪያ ቴሌቪዥን ላይ ጀመረ። የጆሰኑ ልዑል ግብዣ ላይ የቻይና ምግብ ቀረበ፤ በእውን የነበረው ንጉሥ ቴጆንግም በቅዠት ንጹሐንን ሲፈጅ ታየ። ሕዝቡ ተቆጣ። አስተዋዋቂዎቹ ድርጅቶች ጥለው ወጡ። ሁለት ክፍል ከታየ በኋላ ድራማው ጭራሽ ተሰረዘ። መሰረዙ በዝቷል ብዬ አስባለሁ፤ የሚሠራ ሰው እጁን ማሰር የለበትም። ያ ቁጣ ግን ያስቀናኛል። እኔ ስለ እጅ ሰዓቱ አስተያየት ስጽፍ የተመለሰልኝ «አትተቺ፣ አበረታቺ» የሚል ነበር። ማበረታታት ከሆነ ስናበረታታ ስንት ዘመናችን!

የሚሠራ ታሪክ እንደሆነ ሞልቶናል። አጤ በካፋ ማንነቱን ደብቆ አገር ሲዞር ታሞ፣ ቋራ ላይ ምንትዋብ እንዳስታመመችው ይነገራል። አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ላይ ያወጣቸው ዘንዶ ነው። ይህንን የሚሠራ ሰው ካለ የአንድ ወር ደመወዜን ለማዋጣት ዝግጁ ነኝ፤ እዚህ የማውቃቸውንም አስተባብራለሁ። ከምኒልክ የሕመም ክፍል ይጀምርልኝ። እቴጌ ጣይቱ ራስጌ ተቀምጠዋል፤ በሩ ተዘግቷል፤ ውጭ የቆመውም መኳንንት ነጠላውን በወጉ አደግድጓል።